ባለ ስምንት እግሩ ሯጭ

ሰው ፒያሳ ውስጥ ያለ ምክንያት መሮጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። ዛሬ በማለዳ ቱታውን ለብሶ ዱብ ዱብ የሚል ጎረምሳ ብታዩ «ጎበዝ! ጤናውን የሚጠብቅ ልጅ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። በደርግ ጊዜ ግን የሚሮጥ ሰው ወይ አባራሪ ነው ወይ ተባራሪ። አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው እንኳ «አውቶቡሴ! አውቶቡሴ!» እያለ፣ ምክንያቱን ለመንገደኛው እያሳወቀ ነበር የሚሮጠው። እኔ ደግሞ ከሩጫ ጋር ከልጅነቴም አልተዋወቅንም። ዳገት ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ የሱቅ መስኮት የማደንቅ መስዬ ቁና ቁና የምተነፍስ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለሁት ሰውዬ በሯጭ ምክንያት ትዳሬንም ነፃነቴንም ከማጣት ለጥቂት መትረፌ እስካሁን ይገርመኛል።

ያኔ ከሥዕል ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ የማስታወቂያ ሥዕል ቤት ተቀጥሬ፣ ጠዋት ጠዋት «ጫማ እናድሳለን» የሚል እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቀይ ቀለም መፈክር። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ውጭ ተምሮ የመጣ አስተማሪያችን አንድ ቀን የዘመናዊ ሥዕል ፎቶዎች እያሳየን «የሚሮጥ ሰው እግሩ ሁለት አይደለም። ዓይናችሁ ያየውን ሁሉ ሳሉ፤ የአሁኑንም የቅድሙንም» ብሎን ነበር። ይቺ ነገር እንደ ወባ ደሜ ውስጥ ቀረች። ጫማ ስስል እንኳ እንዲራመድ እፈልጋለሁ። አሠሪዬ ግን «አንተ ልጅ፣ ጫማው ቁጭ ይበልልኝ! የሚራመደው ደንበኛው ነው» ይለኛል።

አንድ ሌላ በሽታም ነበረብኝ። ሰናይት ትባላለች። ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ባንኮኒ ኋላ ትቆማለች፤ እኔ ባንኮኒው ፊት ቆሜ የማልወደውን ኬክ እበላለሁ። ተዋደድን፣ ተስማማን፤ የቀረን እናቷን ማስማማት ነበር። እትዬ ለተብርሃን ከትግራይ መጥተው የዕድሜያቸውን ግማሽ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የኖሩ፣ ሰፊ ትከሻና አጭር ምላስ… ይቅርታ፣ ሰፊ ትከሻና ረጅም ምላስ ያላቸው ሴት ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው ሽማግሌዎቹን አብልተው፣ አጠጥተው፣ መርቀው ሸኟቸው። እኔን ግን በሩ ላይ አስቀሩኝ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ለሰዓሊ አልድርም አላልኩም» አሉኝ። «ግን የት ልታስቀምጣት ነው? ሸራው ላይ?»

እውነታቸውን ነበር። እኔ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ባንድ አልጋ የምተኛ፣ እሱ በተገላበጠ ቁጥር መሬት የምወርድ ሰው ነበርኩ። ቤት ደግሞ ያኔ የሚገኘው ከቀበሌ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ናቸው። ካኪ ኮታቸው ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ ሲጽፉ ግን ያየ የለም። ማመልከቻዬን ይዤ ስገባ ከላይ እስከ ታች አይተው «ሰዓሊ ነህ?» አሉ።

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለአብዮት በዓል ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይመጣብናል። በራችን ላይ ትልቅ የስፖርተኛ ሥዕል ይሰቀል። የሚሮጥ፣ ወደፊት የሚገሰግስ! እንግዳው ከወደደው፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል ላንተ አስፈርማለሁ። ካልወደደው…» አሉና ማመልከቻዬን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያኔ አረፍተ ነገሩ የሚያስፈራው ሳያልቅ ሲቀር ነው።

ክፍሏን ሮጬ አየኋት። መሮጤን ልብ በሉ! ከቀበሌው ሱቅ ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ በቆርቆሮ የተመታ፣ በሯ በትልቅ ቁልፍ የተቆለፈ አንዲት ክፍል ናት። ዘበኛው «እድሳት ላይ ናት» አለኝ። ከበሯ ሥር ጉንዳን ተሰልፎ ይገባል። «ከእኔ በፊት ተከራይ ገብቷል» ብዬ ስቄ፣ ለሰናይት ልነግራት ወደ ኬክ ቤት ሄድኩ።

ሯጭ ለመሳል ሯጭ ያስፈልጋል። የማውቀው አንድ ሯጭ ብቻ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ወርቁ። እርግጥ ጋሽ ወርቁ ያኔ ከመስተዋታቸው ፊት ሲቆሙ ሆዳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ሆኖም በወጣትነታቸው ክብር ዘበኛ ሳሉ «ጃንሆይ ፊት» መሮጣቸውን ለደንበኛ ሁሉ ያወራሉ፤ «ጃንሆይ» የምትለዋን ቃል ዝቅ አድርገው፣ በሩን አየት አድርገው።

«የኔን ሥዕል? ቀበሌ በር ላይ?» አሉ ስነግራቸው። ምላጫቸውን አስቀምጠው ደረታቸውን ነፉ። «ድሮም ይሄ መልክ ፀጉር ቤት ውስጥ መቅረት አልነበረበትም።»

አንድ እግራቸውን የደንበኛ ወንበር ላይ ሰቅለው፣ ክንዳቸውን አጥፈው፣ የሚሮጥ ሰው ሆነው ቆሙልኝ። ወንበሩ ላይ የነበረው፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ግማሹ ሳሙና የሆነ ደንበኛ ተነስቶ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ሳልኩ፣ ደመሰስኩ፣ ሳልኩ። የሚወጣልኝ ግን ልብስ ሰፊ ሱሪ የሚለካለት ሰውዬ ነው። የቆመ ሰው የቆመ ነው፤ እግሩን ኮርኒስ ላይ ብትሰቅሉትም አይሮጥም። በመጨረሻ ጭናቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ከነወንበሩ ዘጭ አሉ።

«ጋሽ ወርቁ» አልኳቸው እያነሳኋቸው፣ «እባክዎ አንዴ የምርዎን ይሩጡልኝ። ከዚህ እስከ ምኒልክ አደባባይ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እስላለሁ።»

እዚህ ላይ «እጁን ያዙት!» ብላችሁ ብትጮሁ ኖሮ መልካም ነበር። ጋሽ ወርቁ አማተቡና ወጡ። ነጭ ጋውናቸውን አላወለቁም። ምላጩንም ከወደቁበት ሲነሱ አንስተውት ኖሮ እጃቸው ላይ ነበር። እኔ ወረቀትና እርሳሴን ይዤ ተከተልኳቸው። ደንበኛውም «ኧረ ጋሽ ወርቁ፣ ግማሹስ?» እያለ፣ ሳሙናው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ተከተለን።

ፒያሳ ቀጥ አለች። ሻንጣ ሻጩ ሻንጣውን ታቀፈ፤ አንዱ ሱቅ በሩን ዘጋ። ከዚያ አንዲት ሴት «ሌባ!» አለች። ማን እንደሆነ ግን አልነገረችም። ግማሹ ሕዝብ ምላጭ የያዙትን ሰውዬ ያዙ ይላል፤ ግማሹ «ኧረ እሳቸውማ እየሸሹ ነው! ባለወረቀቱን ያዙ!» ይላል። አንድ ፋራ ደግሞ ሳሙናማውን አይቶ «አረፋ ደፍቋል፣ ያበደ ውሻ ነክሶት ነው» ብሎ ዛፍ ላይ ወጣ። አብዮት ጠባቂዎች ደርሰው ሦስታችንንም አንድ ላይ አንጠልጥለው ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ወረቀቴን ገልብጠው ሲያዩ መአት የሚምዘገዘግ መስመር ሆነባቸው።

«ይሄ የየት አገር ካርታ ነው?» አለኝ አንደኛው።

«የጋሽ ወርቁ እግር ነው» አልኩ። በጥፊ ሊለኝ ሲል ጓድ ደምሴ ደረሱና አስፈቱን።

ግን እመኑኝ፣ ያቺን አጭር ሩጫ ሳይ ያ አስተማሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ተገለጠልኝ። የጋሽ ወርቁ እግሮች ሁለት አልነበሩም። ጋውኑ ሲርገበገብ፣ ጉልበታቸው ሲወጣ ሲገባ፣ መንገዱ በሙሉ እግር ሆነ። ያን ቀን የምስልበትን ሰፊ የብረት ላሜራ ሥዕል ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ሳልሁት። ፊቱ የጋሽ ወርቁ፣ ሆዱ የማንም ያልሆነ፣ እጆቹ አራት፣ እግሮቹ ስምንት። እያንዳንዱ እግር ከኋላው ካለው ትንሽ ደመቅ ይላል። ከልቤ ኮራሁበት።

ጓድ ደምሴ መጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ስንት ሰዎች ናቸው?»

«አንድ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እነዚህስ የማን እግሮች ናቸው?»

«የራሱ ናቸው። የቅድም እግሮቹ።»

«የቅድም እግር!» አሉ። «ሰው ሲሄድ እግሩን ጥሎ ነው የሚሄደው? ወይስ የቀበሌያችን ስፖርተኛ ጊንጥ ነው ልትል ነው?»

ቤቴ ከዓይኔ ራቀ። ሰናይትም አብራ ራቀች። ያዳነኝ አብሯቸው የመጣው ወጣቱ የቀበሌ ካድሬ ነው። መጽሐፍ ብብቱ ሥር የማይጠፋ፣ ስለ ሁሉም ነገር ማብራሪያ ያለው ልጅ ነበር። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሥዕሉን ዞረው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ጥልቅ ነው» አለ። «እግሮቹ ብዙ ናቸው፤ ሰፊው ሕዝብ ነው። ጭንቅላቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ አመራሩ ነው።»

ጓድ ደምሴ ጭንቅላቱን እንደገና አዩት። ቀስ ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«እኔም እኮ ወዲያው ገብቶኛል» አሉ።

በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ላሜራው ከቀበሌው በር በስተቀኝ ተሰቀለ። በስተግራ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ሰው ሲያደንቅልኝ ልሰማ ሄድኩ። በርግጥም ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም ያያል፤ ከዚያ አፉን በነጠላው ወይም በጋዜጣው ሸፍኖ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ እኔም ከማዶ ቆሜ አየሁት። ወገኖቼ፣ ጉድ አየሁ።

ሯጬ ጀርባውን ለቀበሌው በር ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ፣ ባለ በሌለ እግሩ ይፈረጥጣል። ከቀበሌ ነው የሚሸሸው! ያውም በስምንት እግር! አጠገቤ የቆመ አንድ ሊስትሮ ለጓደኛው «ውስጥ ምን ቢያሳዩት ነው ስድስት እግር የጨመረው?» ሲል ሰማሁት።

ጓድ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ሕዝቡ በሥዕሉ ተደስቶ የሚስቅ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ። እንዴት ልንገራቸው? «ሰው ከእርስዎ የሚሸሽ ይመስላል» ማለት ሰው ከእሳቸው እንደሚሸሽ አውቃለሁ ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ እንግዳው መጥቶ ያየዋል። ለካ አንዳንድ ጊዜ አገር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የሚናገረው ሰው ይጠፋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ጋ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች» አልኩ። «ወደ ግራ ይዛወርልኝ።»

ተዛወረ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ወደ ቀኝ፣ ሯጬ ወደ ግራ። አሁን ፊቱ ወደ በሩ ሆነና ወደ ቀበሌው ይገሰግስ ጀመር። እፎይ ብዬ ኬክ ቤት ገባሁና የማልወደውን ኬክ በደስታ በላሁ።

ደስታዬ አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየው። ጋሽ ወርቁ ጋውናቸውን እንደለበሱ የሥዕል ቤታችንን በር በርግደው ገቡ። ፊታቸው አመድ ሆኗል።

«ምን አደረግሁህ? ንገረኝ፣ አንተ ልጅ፣ ምን አደረግሁህ?»

«ምን ሆኑ ጋሽ ወርቁ?»

«ሰው በጤናው ወደ ቀበሌ ይሮጣል? ማን ነው እንደዚያ ተጣድፎ ቀበሌ የሚገባ? ጆሮ ጠቢ ነዋ! ሊያወራ የቸኮለ ነዋ! ያውም በኔ ፊት! ከትናንት ጀምሮ አንድ ሰው ወንበሬ ላይ አልተቀመጠም። አንዱ ቢገባ፣ እንዴት ነው ኑሮ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ኑሮ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ነገር ሞልቷል› ብሎ ሳይላጭ ወጣ። ፀጉር ቤት ያለ ወሬ ምንድነው? ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለፀጉሩ መሰለህ?»

ዕንባቸው መጣ። በዚያ ዘመን ሰው ሌባ ቢባል ይሻለው ነበር። ሰላሳ ዓመት ሰፈሩን ሲያስቁ የኖሩ ሰውዬ በእኔ ቀለም ምክንያት ሰው ፊት ማየት አፈሩ። ሯጩን ወደ ቀኝ ብመልሰው እኔ እታሰራለሁ፤ ግራ ብተወው እሳቸው ይጠፋሉ። «አንድ መላ እፈጥራለሁ» አልኳቸው። ምንም መላ አልነበረኝም።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግራ ገብቶኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ፣ በሰፈሩ «ሳሙና መጣ!» የሚል ወሬ ተነሳ፤ ያኔ ሳሙናም ስኳርም የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ብቻ ነበር። ከዶሮ ማነቂያ በኩል አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ። እትዬ ለተብርሃን ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወደ ቀበሌ ሱቅ ይበራሉ። አቤት ሩጫ! ጉልበታቸው ከፍ፣ ትከሻቸው ዘና፣ ዓይናቸው ፊት ለፊት። ስንት እግር እንዳላቸው ልቆጥር አልቻልኩም። ቤታቸው በር ላይ ስንት ቀን ቆሜ፣ እንዲህ ያለ ስፖርተኛ ፊቴ መኖሩን አላወቅሁም ነበር። ሳሙናው ውሸት ሆኖ ሲመለሱ እንኳ አረማመዳቸው ያምር ነበር።

ያኔ ገባኝ። ወደ ቀበሌ እየሮጠ ማንም የማይጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ዘንቢል የያዘ ሰው! ቀለሜን ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ዘበኛው «ደግሞ ምን ቀረህ?» አለኝ። «እጁ ባዶ ነው» አልኩት። እንቅስቃሴ ነውና አራቱንም እጆች ዘንቢል አስያዝኳቸው። ጋሽ ወርቁ ከማዶ ቆመው አይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሱ። «አሁን ሰው መሰልኩ» አሉኝ።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ጠዋት፣ ወደ ቀበሌ ስወርድ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሰልፉ ከቀበሌው በር ተነስቶ ጥምዝምዝ እያለ ድልድዩን ሊሻገር ምንም አልቀረው። ሁሉም ዘንቢል ይዟል። አንዷን ምንድነው ብዬ ብጠይቃት «አላየህም እንዴ? ስኳር መጥቷል! በራሳቸው በር ላይ ስለው ለጥፈዋል» አለችኝ። ከኋላዋ ያለችው «ስኳር ብቻ! ዘንቢሉን አልቆጠርሽም? ዘይትም አለ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሌን የተረዳው ሕዝብ አገኘሁ፤ እሱም ሊያስገድለኝ ነው።

የእንግዳው ጂፕ የደረሰው ያኔ ነው። ጓድ ደምሴ ሰልፉን አይተው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ለበዓሉ የወጣ ነው?» አለ እንግዳው ተደስቶ።

«አዎን ጓድ! በገዛ ፈቃዱ!»

እንግዳው ሰልፉ ግንባር ላይ ወዳሉት ሴት ጠጋ አለ። ማን እንደሆኑ መቼም ገምታችኋል።

«እናቴ፣ እንኳን አደረስዎ። ምን አመጣዎት?»

«ስኳር መጣ ተብዬ ነዋ፣ ወደይ» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

«ማን አለዎት?»

በአገጫቸው ወደ ሯጬ ጠቆሙ። «እሱ። መንግሥት በገዛ በሩ ላይ ለጥፎ ይዋሻል እንዴ?»

እንግዳው ሥዕሉን አየ፤ ሰልፉን አየ፤ ዘወር ብሎ ጓድ ደምሴን አየ። «ስኳር አለ ወይስ የለም?» አለ። የለም ቢሉ ሕዝቡን በበዓል ቀን በሐሰት ያሰለፉት እሳቸው ሊሆኑ ነው። ጓድ ደምሴ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ «አለ» አሉ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ወደ ሱቁ የሚሄዱ የመሰለን ሰዎች ተሳስተናል። ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔ የማውቃት በር ተከፈተች። እድሳት ላይ ናት የተባለችው ክፍሌ እስከ ኮርኒሷ ስኳር ነበረች! ሕዝቡ እልል አለ። ለማን ተደብቆ እንደነበር ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው መጠየቅ አላስፈለገም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተከፋፍሎ አለቀ። እንግዳው «በበዓል ቀን ለሕዝቡ እንዲህ ያለ ዝግጅት!» ብሎ የጓድ ደምሴን እጅ ጨብጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ሰናይትን ተሰናብቼ፣ ሹራብ ደርቤ ሄድኩ፤ እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ጓድ ደምሴ ጠረጴዛቸው ላይ ተደግፈው በቁጣ አፈጠጡብኝ። ግን ምን ይበሉ? «የደበቅሁትን ስኳር አስበላህብኝ» ይበሉ? አሁን ዝም የማለት ተራው የእሳቸው ሆነ። በመጨረሻ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩልኝ።

«እድሳቱ አልቋል» አሉ።

ጋሽ ወርቁ ለሠርጌ በነፃ ላጩኝ፤ ፀጉር ቤታቸው በወሬ ሞልቶ ወንበር አልነበረም። እትዬ ለተብርሃን ክፍሏን ዞረው አይተው፣ ወለሉን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «ትዳሩ ይጣፍጥ» ብለው መረቁን።

በሠርጋችን ማግስት ጠዋት ሰናይት «ኧረ ና እይ!» ብላ ጠራችኝ። ጉንዳኖቹ መጥተዋል። ከበሩ ሥር ተሰልፈው ይገባሉ፤ ስኳሩን ያጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይሯሯጣሉ። ግድግዳው በሙሉ እግር ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ በሕይወቴ አላየሁም። እጄ ራሱ ሄዶ እርሳስ ፈለገ። ሰናይት መጥረጊያውን እንደያዘች አየችኝ፣ ተነፈሰችና ዞር አለችልኝ።

«እሺ ሳላቸው» አለች። «ግን አደራህን፣ ዘንቢል እንዳታስይዛቸው።»